ከመጨረሻው አዝማች በፊት ያለችው ትንፋሽ

ሰው የገዛ ልጁን ትንፋሽ ከሌላ ሰው ትንፋሽ ይለያል? ድምፅን አይደለም የምጠይቀው። ድምፅማ ማንም ይለያል፤ በስልክ «ሄሎ» ከተባልን ይበቃናል። እኔ የምለው ትንፋሽ ነው፤ ዘፋኝ ወደሚቀጥለው ቃል ከመግባቷ በፊት በአፏ የምትስባት አጭር አየር። አክስቴ እንዲህ ያለችውን አንዲት ትንፋሽ ለወራት በየቀኑ ስትሰማ ኖራለች። የማን እንደሆነች ታውቅ ነበር ወይስ አታውቅም ነበር? በአንድ ጣራ ሥር አብሬያት ኖሬ፣ በመሃላችን ከመጋረጃ በቀር ምንም ሳይኖር፣ ይህን መመለስ አልችልም።

አክስቴ የአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ተኳሽ ናት። ሥራዋን ለሚጠይቃት ሁሉ «ተኳሽ ነኝ» ትልና ፊቷን ታጨማድዳለች። «የስንት ሰው ነፍስ አለብሽ?» ሲሏት «የሰው የለብኝም፤ አንድ የሐር ሸሚዝ ግን ገድያለሁ» ትላለች። የምትሠራው ምድር ቤት ውስጥ ነው። ጣራው ላይ ወፋፍራም ቧንቧዎች ያልፋሉ፣ ክፍሉም መስኮት ስለሌለው እንፋሎቱ የሚሄድበት አጥቶ ሰው ፊት ላይ ያርፋል። አንሶላው በትልቁ ማሽን ያልፋል፤ ሸሚዝ ግን በእጅ ነው። መጀመሪያ ኮሌታ፣ ቀጥሎ የእጅጌው ጫፍ፣ ከዚያ ጀርባው፣ በመጨረሻ የቁልፉ በኩል። ካውያው መሞቁን የምታውቀው ጣቷን በምራቋ አርጥባ ካውያው ላይ ቸስ በማድረግ ነው። ከእጇ አንጓ በላይ ያለው የቆዳዋ ቀለም ከሌላው ገላዋ ይለያል፤ እንፋሎት ነው ያነጣው።

አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ አንድ ቦታ መቆም ስለማትችል ሁላችንም ፌንጣ እንላታለን። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ከጓደኞቿ ጋር ትዘፍናለች። ለመዝፈኛ የምትወዳት አንዲት ጥቁር ሸሚዝ ነበረቻት፤ ማታ ታጥባት ጠዋት እርጥቧን ታጠልቃታለች። ቤታችን ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ይሄ ነበር፦

«አንቺ ልጅ፣ ሳይደርቅ አትልበሺው አላልኩሽም?»

«በላዬ ይድረቃ፣ እማዬ!»

«ብርድ ይገባሻል!»

«እስካሁን የገባው ሁሉ ወጥቷል።»

«የሆቴል አንሶላ ስተኩስ እየዋልኩ የገዛ ልጄ እየተንጠባጠበች ስትሄድ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?»

«ተኳሿ ዒላማዋን ሳተች ይላል!» ብላ በሩን ከፍታ ትፈተለካለች። አክስቴም እሷ መሄዷን አረጋግጣ ብቻዋን ትስቃለች።

የፌንጣ ባንድ ልምምድ የሚያደርገው በጊታሪስቱ አባት የአናጢ ቤት ጓሮ ነው። ጊታሪስቱ ሞባይል ጠጋኝ ነው። ድራም የሚመታው ልጅ ጎማ ቤት ስለሚሠራ «ጎማው» ይሉታል። ቤዝ የሚጫወተው ደግሞ ዝም ስለሚል ስም እንኳ አልወጣለትም። ጊታሪስቱ ፈጣን፣ ሰው ተነሥቶ እንዲዘል የሚያደርግ ዜማ ሠርቶ ነበር። ግጥሙ ግን እምቢ ብሎታል። ስለ ጨረቃ ጻፈ፤ ጎማው «ጨረቃን ተዋት፣ ደክሟታል» አለው። ስለ ጽጌረዳ ጻፈ፤ «እሱን ለሰርግ ቪዲዮ አስቀምጠው» አለው። አንድ ቅዳሜ ፌንጣ ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፎ መጣች።

«እናትሽ ምን አሉ ዛሬ?» አላት ጎማው።

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አገጯን ወደ ውስጥ ስባ፣ የአክስቴን ድምፅ አመጣች። «አንቺ ልጅ! ሳይደርቅ አትልበሺው አላልኩሽም?» ከዚያ በራሷ ድምፅ መለሰች። «በላዬ ይድረቃ!»

ልጆቹ ሳቁ። ጊታሪስቱ አልሳቀም። «እስቲ ድገሚው» አላት።

ያን ዕለት አዝማቹ አለቀ፦

«ፍቅርህን ሳይደርቅ ለበስኩት፣
በላዬ ይድረቅ፣ በላዬ ይድረቅ፤
ቢያንቀጠቅጠኝም አላወልቀውም፣
በላዬ ይድረቅ፣ በላዬ ይድረቅ።»

ማታ ቤት ስትዘፍንልን አክስቴ የምትልጠውን ሽንኩርት አስቀምጣ ሰማች። «የቤታችንን ጠብ አደባባይ ልታወጪው ነው?» አለች። በማግስቱ ግን ሥራ ቦታ ስታንጎራጉረው መዋሏን ልብስ አጣፊዋ ነግራኛለች። አጣፊዋ ከአክስቴ ጎን ቆማ የተተኮሰውን የምታጥፍ፣ ወፍራም፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

ዘፈኑ የሚቀረጽ ዕለት አክስቴ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ እኔን ይዛ ስቱዲዮ ሄደች። ስቱዲዮው ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ተቆራርጦ ተለጥፎበታል። አክስቴ ገብታ ዙሪያውን አየችና «ምነው ልጆቼ፣ እብድ ነው የምታሳድሩበት?» አለች። ፌንጣ በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ትልቅ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ቆማለች። ስትዘፍን ተረከዟ መሬት አይነካም ነበር። ዘፍና ስትጨርስ አክስቴ ዓይኗን ጠረገችና ድምፅ ቀጂውን ልጅ ጠየቀችው።

«በሬዲዮ የሚወጣው ይሄ ነው?»

«አይ፣ እማማ። ይሄ ለመንገድ መሪ ያህል ነው። እነሱ ድምፁን እየሰሙ ይጫወታሉ። በሌላ ቀን ዋናውን ድምፅ ስንቀዳ ይሄ ይጠፋል።»

«ይጠፋል? ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው። አዲሱን አሮጌው ላይ ነው የምንቀዳው። ልማድ ነው፤ ቦታም አይይዝም።»

«እኛ ጋ የተተኮሰ ልብስ መልሶ ውኃ አይነከርም» አለችው አክስቴ። ቀጂው የቀለደች መስሎት ሳቀ።

ለዋናው ድምፅ ቀጠሮ በተያዘበት ሳምንት ፌንጣን ሳል ጀመራት። «ጉሮሮዬ እስኪጠራ» ብላ ቀጠሮውን አዛወረችው። ከዚያ ትኩሳት መጣ፣ ከዚያ ሆስፒታል። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው አለ። አክስቴ «እርጥብ ልብስ ለብሳ ነው» አለችው። «አይደለም፣ እናቴ፤ ይሄ በእርጥብ ልብስ የሚመጣ አይደለም» አላት። ደግ ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ አስረዳት። እሷም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። አላመነችውም። ፌንጣ ከዚያ አልጋ አልተነሣችም።

ከቀብሩ በኋላ አክስቴ ቶሎ ሥራ ገባች። «ቤት ውስጥ እጄን የት ላድርገው?» አለች። የሸሚዝ ኮሌታ እየተኮሰች ዕንባዋ ሲወርድበት በዚያው በካውያው ታደርቀው ነበር። አጣፊዋ ይህን ስትነግረኝ አልቀለደችም።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ጊታሪስቱ መጣና ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እማማ… ያ ዘፈን…»

«ዘፈኑ ምን ሆነ?»

«ሳያልቅ ቀረ። ሌላ ልጅ አግኝተናል። እርስዎ አይሆንም ካሉ ይቀራል።»

አክስቴ ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። እሱም ተነሥቶ ሊሄድ ነበር።

«የእሷ ድምፅ አለ አይደል? ያ ሰውዬ ይጠፋል ያለው።»

«አለ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ዝፈኑት። ግን የእሷም ይኑርበት። ብዙ አልልም። የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ፤ እኔ የማውቃት ትንሽ።»

«እሺ፣ እማማ።»

ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት ስልኩ ላይ ጭኖ ይዞላት መጣ። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት። አዲሷ ዘፋኝ ወፈር ያለ፣ እንደ ጭስ ያለ ድምፅ ነበራት። አክስቴ ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ እየሰማች «የቷ ጋ ነው?» አለችው። እሱ ፊቷን አየ። «አንተ፣ የቷ ጋ ናት?» አለችው ደግማ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል፣ ከመጨረሻው አዝማች በፊት፣ መሣሪያው ሁሉ ቀጥ ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ አንዲት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ትሳባለች። ከዚያ ድራሙ ይፈነዳል።

«እዚህ ጋ» አላት ጊታሪስቱ። «ትንፋሿ።»

አክስቴ እጁን ይዛ ሳመችው። «መልሰው» አለችው። መለሰው። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ሲመልስላት ቆየ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዘፈኑ መጀመሪያ ከታክሲ ሹፌሮች ጋር ዞረ፤ ከዚያ ፀጉር ቤት ገባ፣ ዳቦ ቤት ገባ፣ ትምህርት ቤት ገባ። ዝናብ ሲጥል ወጣቶች ጃንጥላቸውን አጥፈው «በላዬ ይድረቅ!» እያሉ መንገድ መሃል ይዘላሉ። እናቶች «ይሄን ዘፈን ያወጣ ሰው እጁ ይሰበር፣ ልጆቻችንን ጉንፋን በጉንፋን አደረጋቸው» አሉ። ባንዱ ትልልቅ አዳራሽ መሙላት ጀመረ። ሰው ከሁሉም የወደደው ያቺን ትንፋሽ ነበር። በኮንሰርት ላይ ሙዚቃው ቀጥ ሲል ያ ሁሉ ሕዝብ ባንድ ላይ አየር ይስባል። አንድ ጊዜ ከውጭ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፤ አዳራሹ ራሱ የተነፈሰ ይመስላል።

በአክስቴ ምድር ቤትም የራሳቸው ደንብ ወጣ። ሬዲዮኑ ዘፈኑን ሲጀምር አጣፊዋ «እህትዓለም፣ ልጅሽ መጣች!» ብላ ትጮኻለች። መጨረሻው ሲደርስ የማሽኑ ሰውዬ እንፋሎቱን ይዘጋል፣ ተኳሾቹ ሁሉ ካውያቸውን ከልብሱ ላይ ያነሣሉ፣ ቸስ የሚል ነገር እንዳይኖር። ትንፋሿ ታልፋለች፤ ካውያው ይወርዳል። «ለሥራ አስኪያጁ ያልቆመ ማሽን ለፌንጣ ቆመ» ይላል የማሽኑ ሰውዬ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ በዚያች ቅጽበት ገብቶ «ምን ሆናችሁ?» ሲል፣ አጣፊዋ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው አሉ።

ቤት ውስጥ ግን አክስቴ እንቅልፍ ከዓይኗ ጠፋ። ሬዲዮ ጣቢያዎቹ ዘፈኑን መቼ እንደሚለቁት ስለማይታወቅ፣ አንዱ ጋ ሲያልቅ ሌላው ጋ ትፈልጋለች። «ተኚ እንጂ» ስላት «አንዴ ብቻ ልስማት» ትለኛለች። አንዴ ሰምታ ደግሞ ሌላ አንዴ አለ። ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ መጽሐፌን ሳገላብጥ፣ ከወዲያ እሷ ከዘፈኑ ጋር አብራ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማኛል። ዓይኗ ሥር ጠቆረ። አገጯ ሾለ። ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ ደስታ ብዬ ብጠራው እዋሻለሁ፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ፊት ነበር።

እንዲህ እያለ አንድ ቀን አዲሷ ዘፋኝ በሬዲዮ ቀረበች። ይህን የነገረችኝ አጣፊዋ ናት። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሥራ ላይ ነበሩ፤ ድምፁን ከፍ ያደረገችውም ራሷ አጣፊዋ ነች። «ዛሬ ስለ ልጅሽ ታወራለች» ብላ። ጠያቂው አዟዙሮ አዟዙሮ መጣና «እስቲ ስለዚያች ትንፋሽ ንገሪን፤ ሕዝቡ እኮ አብዷል» አላት።

ዘፋኟ ሳቀች። «ውይ፣ እሷማ ስሕተት ናት! አርፍጄ ደረጃውን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። አየር አጠረኝ። ቀጂው ሊያጠፋት ሲል እኔ ነኝ ተዋት ያልኩት።»

«እና ያንቺው ትንፋሽ ናት?»

«የማን ልትሆን ነው ታዲያ?» አለችና አሁንም ሳቀች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ የምታውቀው ነገር የለም።

ወዲያው ዘፈኑን ለቀቁት። ምድር ቤቱ ውስጥ ማንም ማንንም አላየም። አጣፊዋ ሬዲዮኑን ለማጥፋት እጇን ዘረጋች።

«ለምን ታጠፊዋለሽ?» አለች አክስቴ። «አላለቀም።»

ዘፈኑ ሄደ፣ ሄደ፣ መጨረሻው ደረሰ። የማሽኑ ሰውዬ እንፋሎቱን ይዝጋ አይዝጋ ጨነቀውና እጁ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ተኳሾቹ አንገታቸውን ደፍተው መተኮሳቸውን ቀጠሉ። አክስቴ ብቻ ካውያዋን አነሣች። ትንፋሿ አለፈች። ካውያዋን አወረደች። የዚያን ሸሚዝ የቁልፍ በኩል ጨርሳ ለአጣፊዋ አቀበለቻት። «እጥፉ የተስተካከለ ይሁን፤ የእንግዳ ነው» አለቻት።

በማግስቱ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ጊታሪስቱ ጠዋቱ ሳይጋመስ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ መጣ። ሬዲዮውን እሱም ሰምቶታል። በሩ ላይ ቆሞ «እማማ» አላት።

«ግባ» አለችው። «የዋሸኸኝ አንተ ነህ ወይስ ያ ቀጂ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«‹የቷ ጋ ናት?› ሲሉኝ ፊትዎን አየሁት።»

ሁሉንም ነገራት። እሱ ፈቃድ ሊጠይቃት የመጣ ጊዜ ድምፁ ያለ መስሎት ነበር። ቀጂው ግን ከዚያ በፊት አዲሷን ልጅ ሲሞክራት፣ እንደ ልማዱ፣ የፌንጣ ድምፅ ላይ ቀድቷታል። «እጄ ነው ያደረገው፤ ሳላስበው» ብሎ አልቅሷል። የአዲሷ ድምፅ ወፍራም ስለሆነም ዜማውን ዝቅ አድርገው ጊታሩንም ድራሙንም እንደ አዲስ ቀርጸውታል። በስልካቸው እንኳ ማንም የያዘ የለም፤ «ዘፈኑ ሳይወጣ ይሰረቃል» ብላ ልምምድ ላይ ስልክ የከለከለችው ፌንጣ ራሷ ነበረች።

«እንግዲህ ምንም የለም?» አለች አክስቴ።

«ምንም የለም፣ እማማ።»

ትጮኽበታለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን በእጇ ጠረገችለት። «ቁጭ በል። እስቲ በፌንጣ ድምፅ ልክ አድርገህ ተጫወተው፤ እንደ ድሮው።»

ጊታሩን ወደ ድሮው ድምፅ ከፍ አድርጎ ቃኘው። መታው። ዜማው ቀጭንና ቀላል ሆኖ ወጣ፤ ይህች ክፍል የምታውቀው ያንን ነበር። እሱ በአፉ ሊያግዘው ሲሞክር አክስቴ እጇን አወዛወዘች።

«እንደሱ አይደለም። ‹ሳይደርቅ› የሚለው ላይ እሷ…» ብላ ዓይኗን ጨፈነች፤ አፏን ከፈተች፤ ዘፈነች።

አክስቴ ስትዘፍን ሰምቼ አላውቅም። የደረቀ፣ የሚሰነጠቅ ድምፅ ነበራት። ግን «ለበስኩት» የሚለውን አዲሷ ልጅ እንደምትጎትተው ጎተተችው። «ይድረቅ» ላይ አዲሷ ልጅ እንደምትወርደው ወረደች። አዝማቹ ሊደገም ሲል ደግሞ፣ ጊታሩ ሳይቆም፣ ቆም አለችና ያቺን ትንፋሽ ሳበች።

ዓይኗን ገለጠች። «አይደለም» አለች። «እንደገና።»

እንደገና መታው። እንደገና ዘፈነች። ያው መጣ።

«አንተ ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

አፌን ከፈትኩ። ጆሮዬ ውስጥ ያለው ከታክሲው፣ ከዳቦ ቤቱ፣ ከአዳራሹ የሰማሁት ነው። ወደ ጊታሪስቱ አየሁ፤ እሱ ጣቱን አውታሩ ላይ አሳርፎ መሬት መሬት ያያል። ሦስታችን ነበርን፤ ሦስታችንም ስቱዲዮ ውስጥ ቆመን ሰምተናታል።

«እሺ፣ ዘፈኑስ ይቅር» አለች አክስቴ፤ ድምፅዋ እንደ ልመና ሆነ። «‹እማዬ› ስትለኝ… እንዴት ነበር የምትለው?» ቀጭን አድርጋ «እማዬ» አለች። ራሷን ነቀነቀች። ፈጠን አድርጋ «እማዬ» አለች። ጫፉን ወደ ላይ አንሥታ ሞከረችው። ሳቅ ቀላቅላ ሞከረችው። አንዱም አልሆነላትም። ከንፈሯ ብቻ መንቀሳቀሱን ቀጠለ፤ ከዚያ እሱም ቆመ።

ጊታሪስቱ ጊታሩን አዝሎ ወጣ። ምሳ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። ከታች መንገዱ ላይ አንድ መኪና መስኮቱን ከፍቶ ዘፈኑን እያስጮኸ አለፈ። የደረሰው መጨረሻው አዝማች ላይ ነበር፤ ያቺ ትንፋሽም ተሰማችን። አክስቴ ቀና አላለችም።

«ደከመኝ» አለችኝ።

ጫማዋን አወለቅኩላት። በልብሷ እንዳለች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተጋደመች። ጎኗ ተቀምጬ ትንፋሿ እስኪረጋ ጠበቅኩ። መጋረጃውን ስስበው ፀሐይዋ ገና ጣራው ላይ ነበረች። አክስቴ ሬዲዮ ሳትከፍት የተኛችው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።